አልሐምዱሊላህ ስንል ምን እያልን ነው?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ለዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በየቀኑ ከአፋችን ስለማይጠፉት የዐረብኛ የምስጋና ቃላት ነው፤ ቢስሚላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሱብሓነላህ፣ አላሁ አክበር፣ ማሻአላህ፣ ኢንሻአላህ። ጥያቄው የመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንዳንድ እናቶች «ከልጅነታችን ጀምሮ እንላቸዋለን፤ ቃል በቃል ግን ማን ፈታልን?» አሉ። ክርስቲያን እህቶቻችን ደግሞ «አብረን ዕቁብ እየጣልን፣ ቡና እየጠጣን፣ ቃሉን እንሰማለን እንጂ ምን እንደሚል አናውቅም» አሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ዑስታዛ አይደለሁም። በሸሪዓ ጉዳይ ጥያቄ ያላት ዐሊሞቹን ትጠይቅ። እኔ የማቀርበው የቃላቱን አሠራር ነው፤ ዐረቦች ነሕው የሚሉትን፣ እኛ ሰዋስው የምንለውን። ነሕው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በወሎ ደረሶች ከሼኽ ወደ ሼኽ እየሄዱ ኪታብ ሲቀሩ፣ ነሕው ከዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። ጀማሪ ከሚይዛቸው ኪታቦች የታወቀው አጅሩሚያ ነው። የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1323 የሞተው የሞሮኮው ሊቅ ኢብን አጅሩም ነው። ይህ ትንሽ ኪታብ በዋናነት የሚያስተምረው የቃል መጨረሻ ድምፅ ለምን እንደሚለዋወጥ ነው።

ለእኛም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «ልጁ መታ» እና «ልጁን መታ» ስንል ያቺ አንዲት «ን» መቺውንና ተመቺውን ትለያለች። በዐረብኛ ይህን ሥራ የሚሠሩት በቃሉ መጨረሻ የሚሰሙት ሦስት ድምፆች ናቸው፤ ደማ (ኡ)፣ ፈትሓ (አ) እና ከስራ (ኢ)። «ኡ» ብዙውን ጊዜ የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ያሳያል። «አ» ተሳቢውን፣ «ኢ» ደግሞ ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣውን ስም ወይም ባለንብረቱን። ይህን ከያዝን የቀረው ቀላል ነው።

አልሐምዱሊላህ

አንድ ቃል መስሎ ቢሰማም አራት ነው፤ አል፣ ሐምዱ፣ ሊ፣ አላህ። ሙሉ ንባቡ «አልሐምዱ ሊላሂ» ነው።

«አል» የታወቀን ነገር ያመለክታል፤ በአማርኛ «ቤቱ»፣ «ሰውዬው» ስንል ከመጨረሻ የምንጨምረውን ዐረብኛ ከፊት ያስቀምጠዋል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ሙፈሲሮች «ሁሉንም የሚጠቀልል ነው» ይላሉ። አንዱን ምስጋና ሳይሆን ምስጋና የተባለውን በሙሉ ማለት ነው።

«ሐምድ» ምስጋና ነው። አሕመድ፣ ሙሐመድ፣ ማሕሙድ፣ ሐሚድ፣ ሐሚዳ የሚሉት ስሞች ሁሉ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ዐረብኛ ሌላም ቃል አለው፤ ሹክር። ዑለማዎች ሁለቱን ይለያሉ። ሹክር ለተደረገ ውለታ የሚመለስ ነው፤ አበደርሽኝ፣ አመሰገንኩሽ። ሐምድ ግን ለውለታም ይሆናል፣ ያለ ውለታም ይሆናል። ተመስጋኙ በራሱ መልካም ስለሆነ የሚነገር ነው።

«ሊ» የእኛው «ለ» ናት። እኔ በሥራዬ «ለ» የምትለዋ ፊደል ምን ያህል እንደምትከብድ አውቃለሁ። በክፍያ ማዘዣ ላይ ከ«ለ» ቀጥሎ የተጻፈው ስም የገንዘቡን ባለቤት ይወስናል። እዚህም ምስጋናው የማን እንደሆነ የምትወስነው እርሷ ናት።

አሁን የጎደለውን ፈልጉ። ግስ የለም። «አመሰግናለሁ» የሚል የለም። ዐረብኛ ቢፈልግ «አሕመዱላህ» ማለት ይችል ነበር፤ እኔ አላህን አመሰግናለሁ። ያኔ ነገሩ በተናጋሪዋ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዛሬ ታመሰግናለች፣ ነገ ትተዋለች። ያለ ግስ ሲነገር ግን ጊዜም የለው፣ ሰውም የለው። ማንም አመሰገነ አላመሰገነ፣ ምስጋናው የእርሱ ነው ይላል። የነሕው ሰዎች ስማዊ ዐረፍተ ነገር የጸና ነገርን ይገልጻል የሚሉት ይህን ነው።

ክርስቲያን እህቶቼ፣ ይህ አሠራር በእናንተም ቤት አለ። «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ሲባል በግእዙ አንድ ስም፣ አንድ «ለ»፣ ከዚያ የፈጣሪ ስም ነው። እዚያም ግስ የለም። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ዐረፍተ ነገሩን የሚያዋቅሩት በአንድ መንገድ ነው።

የጤና ሪፖርት አይደለም

ወደዚህ መድረክ የወጣሁበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ አልሐምዱሊላህ ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል ከሌለ፣ «ደህና ነኝ» የሚል ቃልም የለበትም ማለት ነው። ምስጋናው የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ የተናጋሪዋን ሁኔታ አይናገርም። በሐዘን ቤትም ይባላል፣ በሆስፒታል አልጋም ላይ ይባላል፣ በሠርግም ይባላል።

እኛ ግን በኑሯችን ሁለቱን ቀላቅለናቸዋል። አንዲት አባላችንን «ሥራ እንዴት ነው?» ብለን ስንጠይቅ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እቃዋ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ልጇ ታሞ የብድሩ ገንዘብ ለመድኃኒት ወጥቶ ይሆናል፣ በቤቷ እጅ የሚያነሳባት ሰው ይኖር ይሆናል። የክትትል ቅጽ የያዘችው እህት «ጥሩ ነው» ብላ ከሞላች፣ ያልተነገረ ነገር ጻፈች ማለት ነው። ያ ቅጽ ወደ ሪፖርት፣ ሪፖርቱ ወደ ለጋሾቻችን ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ክፍያው ሲቋረጥ ሁሉም ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን ገና በመጀመሪያው ወር መጠየቅ የነበረበት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋም እህት እንዲሁ ናት። «ይመስገን» ስትል ስለ ራሷ የነገረችን ነገር የለም።

«ታዲያ አማኝ ሴት ችግሯን ካወራች ምስጋናዋን አፈረሰች ማለት አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነን የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ የፋጢማ ታሪክ ነው፤ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ፋጢማ በእጅ ወፍጮ ስትፈጭ እጇ ተጎዳ። ምርኮኞች መጥተዋል ሲባል ሰምታ የሚያግዛት አገልጋይ ለመጠየቅ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ስላላገኘቻቸው ጉዳዩን ለዓኢሻ ነግራ ተመለሰች። ማታ እርሳቸው ራሳቸው መጡና ከአገልጋይ የሚሻል ነገር ልንገራችሁ ብለው ለእርሷና ለባሏ ለዐሊ አስተማሩ፤ ስትተኙ ሱብሓነላህ 33 ጊዜ፣ አልሐምዱሊላህ 33 ጊዜ፣ አላሁ አክበር 34 ጊዜ በሉ። ድምሩ 100 ነው።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ቁጥሩን ብቻ ነው። እኔ የምለው መጀመሪያውንም እንያዝ ነው። አልሐምዱሊላህ ማለትን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት እጄን አመመኝ አለች፤ ተናገረች፤ ጠየቀች። ለምን ተናገርሽ አልተባለችም። ምስጋናው የተሰጣት ለጥያቄዋ መልስ ሆኖ ነው እንጂ አፏን ለመዝጊያ አይደለም።

ሱብሓነላህ

ሙሉ ንባቡ «ሱብሓነ ላሂ» ነው። «ሱብሓን» ግስ አይደለም፣ ከግስ የወጣ ስም ነው። መጨረሻው ላይ የምትሰማው «አ» የተሳቢ ምልክት ናት። «ተሳቢ ካለ ሳቢው የታለ?» ትሉኛላችሁ። ሳቢው ግስ ተሰውሯል፤ ሲሞላ «አጠራለሁ፣ ማጥራትን» የሚል ይሆናል። «ላሂ» መጨረሻው «ኢ» የሆነው ደግሞ «የአላህ» ስለሚል ነው።

ትርጉሙ አላህን ከጉድለት ሁሉ የጠራ ነው ማለት ነው። የአገራችን ሙስሊሞች በአማርኛ «ጥራት ይገባው» የሚሉት ከዚህ ነው። ዛሬ ጥራት ስንል የዕቃ ጥራት ይታሰበናል፤ እዚህ ግን መጥራት ነው፤ ውሃ ጠራ፣ ሂሳቡ ጠራ እንደምንለው። ሥሩ ሰ-በ-ሐ ነው፤ የግእዙ «ሰብሐ»ና «ስብሐት»ም ሦስቱን ፊደላት ይጋራሉ።

ሱብሓነላህ በመገረም ጊዜ ይባላል። ቁርኣን ውስጥ ግን አንድ ለየት ያለ ቦታ አለው። የምእመናን እናት ዓኢሻ በሐሰት በታማች ጊዜ፣ ሱረቱ ኑር በ16ኛው አንቀጽ ወሬውን የሰሙትን ይወቅሳል፤ ስትሰሙት ይህን ማውራት አይገባንም ብላችሁ አላህን አጥርታችሁ፣ ትልቅ ቅጥፈት ነው ማለት ነበረባችሁ ይላል። ስለዚህ ይህ ቃል የሐሜት መዝጊያ ነው። እኛ ጋ አንዳንዴ ተገልብጦ «ሱብሓነላህ! ከዚያስ?» ሲባል እንሰማለን። ሐሜት በማኅበር ውስጥ ስንት ነገር እንደሚያፈርስ ታውቃላችሁ። ሱብሓነላህ ያለች «ከዚያስ» አትጨምር።

አላሁ አክበር

«አላሁ» ባለቤት ነው፣ «አክበር» ማሰሪያው። ሁለቱም በ«ኡ» ያበቃሉ፤ ስናቆም የመጨረሻዋ አትሰማም። «አክበር» ማወዳደሪያ ቅርጽ ነው፤ «ከቢር» ትልቅ ነው፣ «አክበር» የሚበልጥ። የሴት ቅርጹ «ኩብራ» ነው፤ ኩብራ የሚባሉ እህቶቻችን ስማችሁ ከዚህ ነው። ከ-በ-ረ የሚለው ሥር በአማርኛም አለ፤ ክብር፣ ክቡር፣ መክበር። ዐረብኛው ትልቅነት ላይ ያተኩራል፣ የእኛው ክብር ላይ።

በአማርኛ «ይበልጣል» ካልን «ከማን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ «ከ» የግድ ያስፈልጋል። በዐረብኛውም «ሚን» የሚል «ከ» አለ፤ በዚህ ቃል ላይ ግን ሆን ተብሎ ተትቷል። ከምን እንደሚበልጥ ስላልተገለጸ ከሁሉም የሚል ይሆናል። ከሚያስፈራኝ ሰው፣ ካለብኝ ዕዳ፣ ከኩራቴም ጭምር።

ይህን ቃል በዜና ከጦርነት ጋር ብቻ የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በቤታችን ግን መጀመሪያ የሚሰማው በጨቅላ ጆሮ ላይ አዛን ሲባል ነው። ሶላት የሚከፈተው በእርሱ ነው፣ የዒድ ጠዋት የሚደምቀው በእርሱ ነው። ፋጢማም ደክሟት ልትተኛ ስትል የተሰጣት ቃል ነው።

ቢስሚላህ

«ቢ» በ፣ «ኢስም» ስም፣ «ላሂ» የአላህ። «ስም» በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። «በአላህ ስም» ከተባለ በኋላ «ምን?» ብትሉ፣ ዐረብኛው አይነግራችሁም። ግሱን ቦታው ይሞላዋል። የምትጋግር «እጋግራለሁ»፣ የምትቆርስ «እበላለሁ»፣ የገንዘብ ሣጥን የምትከፍት «እቆጥራለሁ» ትላለች። ስለዚህ ቢስሚላህ ብሎ የጀመረ ሰው የሚቀጥለውን ሥራውን በዚያ ስም ሥር አስገብቷል።

ከቢስሚላህ ቀጥለው የሚመጡት ረሕማንና ረሒም የሚሉት ስሞች ከ«ረሕማ»፣ ከእዝነት የወጡ ናቸው። ከዚሁ ሥር «ረሒም» የሴት ማሕፀን ማለት ነው። ዝምድናን ዐረቦች በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እናቶች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ።

ማሻአላህና ኢንሻአላህ

እነዚህ መንታ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ነው። «ሻአ» ፈቀደ፣ «አላሁ» ባለቤቱ። «ማ» ማለት «ያ ነገር» ነው፤ ማሻአላህ «አላህ የፈቀደው ነው» ይላል፤ የሆነ ነገር አይቶ የሚባል ነው። «ኢን» ማለት ደግሞ «ቢ፣ ከ» ነው፤ ኢንሻአላህ «አላህ ከፈቀደ» ይላል፤ ገና ላልሆነ ነገር።

«ሻአ» ኃላፊ ግስ ሆኖ ሳለ ለወደፊት ማገልገሉ አይግረማችሁ። እኛም «ከመጣሽ እነግርሻለሁ» ስንል «መጣሽ» ኃላፊ ነው፤ ሴትየዋ ግን ገና አልመጣችም። «አላህ ካለ»፣ «እግዜር ካለ» የምንለውም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንምጣ። ኢንሻአላህ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። «ከመጣሽ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ምንም እንዳልነገረን ሁሉ፣ «ኢንሻአላህ» ብሎ ዝም ያለ ሰውም ገና አልጨረሰም። ሌላው ግማሽ የት አለ? ሱረቱል ከህፍ በ23ኛውና በ24ኛው አንቀጽ ይህን ቃል ሲያስተምር፣ አንድን ነገር ነገ እሠራለሁ ስትል አላህ ከፈቀደ ሳትል አትበል ነው የሚለው። ልብ በሉ፤ ሥራውም አለ፣ ቀኑም አለ። «ነገ» ተብሏል። ኢንሻአላህ የተጨመረው በተቆረጠ ቀጠሮ ላይ ነው እንጂ በቀጠሮው ቦታ አይደለም።

ስለዚህ «ክፍያሽን መቼ ታመጫለሽ?» ስትባል «ኢንሻአላህ» ብቻ ያለች እህት መልሷን እንድታሟላ በአክብሮት እንጠይቃታለን፤ «ኢንሻአላህ በ15 ቀን 500 ብር አመጣለሁ።» ይህ እምነቷን መጠራጠር አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ነው። እንደማትችል እያወቀች ከሆነ ደግሞ «አልችልም» ማለት ይቀላል፤ የፈጣሪን ስም ለእምቢታ መሸፈኛ ከማድረግ ይሻላል። አበዳሪ ኮሚቴውም ቃሉን ሲሰማ ፊቱን አያጥቁር፤ ሥራና ቀን ካለበት፣ ኢንሻአላህ ታማኝ ሰው የሚለው ቃል ነው።

ለሴት ሲባል

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳችን ለሌላችን «ጀዛከላህ» ስንባባል እሰማለሁ። «ጀዛከ» ለወንድ ነው፤ አማርኛው «ይስጥህ» እንደሚለው። ለሴት «ጀዛኪላሁ ኸይረን» ነው፤ «አላህ መልካሙን ይመንዳሽ»። ለብዙ ሴቶች «ጀዛኩነላሁ ኸይረን»፣ ወንድም ላለበት ጉባኤ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ይባላል። ዐረብኛው ለእኛ የተለየ ቅርጽ አዘጋጅቶልን ሳለ በሌላ ስም ለምን እንመረቃለን?

ለሥራችን

ከዚህ ሁሉ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የክትትል ቅጽ የምትሞሉ እህቶች «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትባሉ «አሜን» በሉና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ፤ «በዚህ ሳምንት ስንት ሸጥሽ? ምን ከበደሽ?» መልሱን ብቻዋን ስትሆን ጠይቋት፤ በሰው ፊት የማይነገር አለ።

ሁለተኛ፣ በብድር መዝገባችን ላይ ተስፋ የሚጻፈው በቀንና በብር ይሁን። ከፊቱ ኢንሻአላህ ይጻፍ፤ ደስ ይለናል።

ሦስተኛ፣ ለለጋሾቻችን። በሪፖርታችን ላይ «ችግር ገጥሟቸዋል» የሚሉ ቁጥሮች ቢጨምሩባችሁ ሥራው ተበላሸ አትበሉ። እንዲያውም ሴቶቹ መናገር ጀመሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ዝም ያለችን ሴት በ«ጥሩ» ከመመዝገብ፣ የተናገረችን ሴት በ«ችግር» መመዝገብ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ብዙ መቁጠር ያልቻላችሁ እናቶችም አትዘኑ። ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ የነቢዩ ባለቤት ጁወይሪያ ከጠዋት ሶላት ጀምራ ረፋድ እስኪሆን ተቀምጣ ስታወድስ አገኟት፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ያሏቸው አራት ቃላት እርሷ ስትለው ካረፈደችው ሁሉ ሚዛን እንደሚደፉ ነገሯት። እንግዲህ በዚህ መዝገብ ሚዛን የሚደፋው የቃሉ ይዘት ነው። የምንለውን አውቀን እንበለው።